እትዬ ዘይቴ ያለሰለሰችው ቃል

በዚያች የጭነት የጠፈር መርከብ ላይ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው ትእዛዙን መልሶ ካልተናገረ እንዳልሰማ ይቆጠራል። አዛዡ «ሁለተኛውን በር ዝጋ» ካለ፣ ታዛዡ «ሁለተኛውን በር እዘጋለሁ» ይላል፤ አዛዡ ደግሞ «ልክ ነው» ይላል። «ልክ ነው» ሳይባል እጅ አይንቀሳቀስም። አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ግን ጨው አቀብለኝ ሲባሉም መድገም ይጀምራሉ። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው በሰው ጆሮ የማይተማመን ሰው ሳይሆን አይቀርም። እውነቱን ነው። በሰው ምላስ ግን ከልክ በላይ ተማምኗል።

ልብስ ሰፊዋ በመርከቧ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ሥራዋ የጠፈር ልብስ መጠገን ነው፤ ክርኑ የሳሳውን ትለጥፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ጓንት በአየር ነፍታ ውሃ ውስጥ ትነክርና አረፋ ይወጣው እንደሆነ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ክፍሏ ከማዘዣው ክፍል ወደ ሞተር ክፍል በሚወስደው ኮሪደር መሃል ላይ ስለሆነች አላፊ አግዳሚው ጎራ ይላል፤ ጎራ ያለ ሁሉ ደግሞ የሆዱን ያራግፋል። እሷም የአንዱን ብሶት ለሌላው የምታደርሰው እሾሁን ነቅላ ነው። አንዱ «ሰነፍ ነው» ያለውን «ደክሞታል መሰለኝ» ብላ ታደርሳለች፤ ሌላዋ «ዓይኑን ማየት አልፈልግም» ያለችውን «ሥራ በዝቶባት ነው» ትላለች። ስንቱ ጠብ በእንጭጩ ቀርቷል። በዚህም የተነሳ እትዬ ዘይቴ የሚል ስም ወጣላት፤ የዛገ ማጠፊያ ሁሉ እሷ ስትነካው መንጫጫቱን ይተዋልና። ስሙን ትወደው ነበር።

ዋናው መካኒክ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት፣ እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። አሳደገችው፤ አስተማረችው፤ በኋላም ለምና ለምና መርከቧ ላይ አስቀጠረችው። በአንዱ ወደብ የሚሠራ ጭነት ተቆጣጣሪ ላግባሽ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቋት «ልጁ እስኪያድግልኝ» አለችው። ልጁ አድጎ ጢም ሲያወጣ ሰውየው ሌላ አግብቶ ሦስት ልጅ ወልዶ ነበር። ይህንንም እየሳቀች ነው የምታወራው።

ወንድሟ እጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ አፉ ነው። ካፒቴኑም ቢሆን ባዳ አይደለም። ያኔ ጀማሪ ሆኖ ሲገባ የመጀመሪያ ልብሱን የለካችው እሷ ነች፤ ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ተኝተው፣ ካልሲ ተዋውሰው ነው የኖሩት። ነገሩ የተበላሸው ሹመት ከመጣ ወዲህ ነው። ትናንት ካልሲህን ያዋስከው ሰው ዛሬ ሲያዝህ ትእዛዙን መድገም ይተናነቃል፤ አዛዡም ማዘዙ ሳይከብደው አይቀርም፣ ስለዚህ ድምፁን ከሚገባው በላይ ያጠነክራል።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መካኒኩን ያገኘው የጋለ ሞተር ሳይፈቀድለት በማጥፋቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛ በተሰበሰበበት ካፒቴኑን «ሹፌሩ» ብሎ በመጥራቱ። «ሹፌርነት ሥራ ነው፤ ስድብ ነው እንዴ?» ብሎ ቢከራከር ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። በመርከቧ ደንብ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሰው በሚቀጥለው ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም መርከብ አይቀጥረውም። ያ ሰው ከሞተር በቀር ምን ያውቃል? እህቱ ይህን እያሰበች ስንት ሌሊት ጣሪያ ስትቆጥር አደረች።

«ሹፌሩ» ከተባለበት ቀን ወዲህ ካፒቴኑና መካኒኩ በስልክ እንኳ መነጋገር ተዉ። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይዘጋል። የሥራው ቃል ሁሉ በእትዬ ዘይቴ በኩል ይመላለስ ጀመር፤ ደንቡ ባይፈቅድም ሥራው እስካልቆመ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም። እሷም የወንድሟን ስድብ እንደ ሩዝ እየለቀመች፣ ቀለል ያለውን ብቻ እያሳለፈች፣ አራት ወር ሙሉ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ አስቀረች።

«በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ሲባል አልሰማህም?» ትለዋለች።

«እኔ ብጠፋ አንቺ ትፈልጊኛለሽ» ይላታል።

ወደብ ሊደርሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ከምሳ በኋላ፣ ወንድሟ እጁን ሳይታጠብ ገባ። ተቀመጥ ብትለው አልተቀመጠም።

«እታለም፣ አሁን ሂጂና ንገሪው። የማቀዝቀዣው ዋና ቧንቧ ተሰንጥቋል፤ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። ስድስት ሰዓት ቢሰጠኝ እቀይረዋለሁ። እንዲህ በይው፦ ‹አንተ ድንጋይ ራስ፣ አንድ ቀን እንኳ ስማኝ። ሞተሩን አሁኑኑ አቁም። ካላቆምክ ሰው ይሞታል።› አንድ ቃል እንዳትቀንሺ።»

«እሺ፣ አልቀንስም።»

«ድገሚልኝ።»

«እህትህ ነኝ እንጂ ታዛዥህ ነኝ እንዴ? ሂድ፣ እጅህን ታጠብ» አለችው።

ከክፍሏ እስከ ማዘዣው ክፍል አርባ አንድ እርምጃ ነው። አሥር እርምጃ ሳትራመድ «ድንጋይ ራስ» የሚለውን ጣለች፤ እሱን መጣል ለእሷ አዲስ አይደለም። ትንሽ ሄድ ብላ «ሰው ይሞታል» ማለት ካፒቴኑ ዘንድ ማስፈራራት ተብሎ እንደሚጻፍ ታያት፤ እሱንም ጣለች። በሩ ላይ ስትደርስ «አሁኑኑ አቁም» የሚለውንም ጣለች። መካኒክ ካፒቴንን ሲያዝ? ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ማለት ይኸው አይደል? በሩን ከፍታ ስትገባ በእጇ የቀረው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ካፒቴኑ ዓይኑ ቀልቷል። ወደቡ ላይ የተሰጣቸው ተራ ካመለጣቸው አሥራ አንድ ቀን ሊጠብቁ ነው፤ ሁለት መሪ ጨባጮች አጠገቡ ቆመው ሰዓት ያሰላሉ። ሰው ፊት አንቱ ነበር የምትለው።

«ካፒቴን፣ ዋናው መካኒክ የማቀዝቀዣው ቧንቧ ትንሽ ደክሟል ይላል። ሲመችዎ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል።»

«ሌላ ያለው የለም?»

«የለም።»

ካፒቴኑ እንደ ደንቡ ደገመው። «ቧንቧው ትንሽ ደክሟል፤ ሲመቸኝ አየዋለሁ።»

«ልክ ነው» አለች።

«እንግዲያው ወደብ ስንደርስ እናየዋለን። እትዬ፣ ዛሬ ስላልተሰደብኩ አመሰግናለሁ በይልኝ» ብሎ ፈገግ አለ። ስንት ወር ሳትሰማው የቆየችው የድሮ ድምፁ ነው። እሷም ልቧ ሞቆ ወጣች። ይህን ጠብ በእጄ አበርደዋለሁ ብላ አሰበች።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ካፒቴኑ እምቢ አለ ብትለው ሞተሩን በራሱ እጅ እንደሚያጠፋው ታውቃለች፤ ከዚህ በፊትም አድርጎታል። ስለዚህ «እያሰበበት ነው፤ ትንሽ ታገሰኝ ብሏል» አለችው።

«እያሰበበት? እሱ?» ብሎ ፊቱ በራ። «ድንጋይ ራስ ስለው ምን አለ?»

«ሳቀ።»

«ድሮም ስድብ ነው የሚያድነው» አለና እየተቻኮለ ተመለሰ። ሁለቱን ረዳቶቹን ከሞተር ክፍል አስወጥቶ፣ እሱ ትእዛዙ እስኪመጣ ድረስ ቧንቧውን እየጠበቀ ብቻውን ቁጭ አለ። እያሰበበት ነው የተባለው ሰው አራት ሰዓት ሲቆይበት መካኒኩ ምን ብሎ አስቦ ይሆን? ይህን ማንም አያውቅም። በአራተኛው ሰዓት ቧንቧው ፈነዳ። እንፋሎቱ መሃል ገብቶ ቫልቩን በእጁ ዘጋው። መርከቧ ተረፈች፤ አርባ ስድስት ሰው ተረፈ። እሱ አልወጣም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እሷ ግን የፈራችው ይህን እንኳ አልነበረም። የፈራችው አንዲት ወረቀት ነበር።

መርከቧ ላይ ሰው ሲሞት የሚሸኝበትን ከረጢት የምትሰፋው ልብስ ሰፊዋ ነች። ሌሎች እንስፋልሽ ቢሏት እምቢ አለች። በማግስቱ ጠዋት ግማሹን ሰፍታ ሳለ ካፒቴኑ መጣ። በሩን ዘጋና ወንድሟ ትናንት ያልተቀመጠበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ለወደቡ ባለሥልጣኖች የሚልከው ሪፖርት አለ። ሳያነብላት ሊልከው አልቻለም፤ አነበበላት። «ዋናው መካኒክ የአደጋውን ክብደት ለአዛዡ አላሳወቀም» ይላል።

«እትዬ፣ ለምን አልነገረኝም?» አለ። «ሁልጊዜ ሲሰድበኝ፣ የትናንቱን ለምን በጨዋ ቃል ላከ? እንደ ልማዱ ጮኾ ቢልክብኝ አቆም ነበር። ወንድሜ ነበር እኮ። እስከዚህ ድረስ ነው የጠላኝ?»

እትዬ ዘይቴ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ መኖር ይቻላል። ግን ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ሰው በዚያ ወረቀት ላይ የጥፋቱ ባለቤት ሆኖ ሊሄድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ላይ ማለስለሻ አጣች።

«አልጠላህም» አለችው። «ነግሮሃል። ያላደረስኩት እኔ ነኝ። እንዳለ ልንገርህ፤ አንድ ቃል አልቀንስም። ‹አንተ ድንጋይ ራስ፣ አንድ ቀን እንኳ ስማኝ። ሞተሩን አሁኑኑ አቁም። ካላቆምክ ሰው ይሞታል› ነው ያለህ።»

ካፒቴኑ ዓይኑን ወደ ሪፖርቱ መለሰ። ይጮኽብኛል፣ ሦስቱንም ማስጠንቀቂያ በአንዴ ይጽፍብኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢያደርገው ደስ ባላት። እሱ ግን ሪፖርቱን ለሁለት ቀደደው። ከዚያ ተነሳ፤ ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው እጆቹን ወደ ጎኑ ሰብስቦ በከረጢቱ ፊት ቆመ።

«ድንጋይ ራስ ነኝ» አለ። «እሰማለሁ። ሞተሩን አሁኑኑ አቆማለሁ። ካላቆምኩ ሰው ይሞታል።»

ቆሞ ጠበቀ። መልሱን መስጠት የሚገባው ሰው መስጠት አይችልም።

«ልክ ነው» አለች እህቱ።

ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል።