ያላፏጨን ቀን
ኩንታል ብቻውን የሚሸከም ሰው እኔን ሕፃኑን ፈርቶ ሮጧል ብል ማን ያምነኛል? ዛሬ በእህል በረንዳ ሳልፍ የበቆሎ ጆንያ ሸተተኝና ያ ቀን መጣብኝ።

ልጆች ሳለን፣ ያ ኩንታል ተሸካሚ ጋሼ ሙዘይን እዚያው ባለው የእህል መጋዘናቸው ውስጥ ቪዲዮ ያሳዩን ነበር። ያን ቀን የከፈቱት የአንድ አስፈሪ የፈረንጅ ፊልም ክፍል ሁለትን ነው፤ የገጠር ልጆች ማጭድ ይዘው ከበቆሎ ማሳ እየወጡ ትልቅ ሰው የተባለን ሁሉ ይጨርሳሉ። የሚተረጉሙልን እሳቸው ናቸው። ድንገት መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ማፏጨት ደንባችን ነው፤ ያን ቀን ግን ደንግጠን ጭጭ አልን። ቤቱ ውስጥ ያለው ትልቅ ሰው ደግሞ እሳቸው ብቻ!

«ልጆች፣ ፉጨቱስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

እርስ በርስ ተጠጋጋን።

«እንደ አባታችሁ አይደለሁም እንዴ?»

እኔ ጀግናው፣ የተደገፍኩትን የበቆሎ ጆንያ በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ ከማሳ ሰው የሚወጣ ይመስል ተንኮሻኮሸ።

ካላመናችሁ የእህል በረንዳን ተሸካሚዎች ጠይቁ፤ ጋሼ በር እያለ በመስኮት ሲወጡ የተቀበሏቸው እነሱ ናቸው።