ምጥ የተመኘሁበት ቀን

«አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ ዶክተሯ በዛሬው ቴርሚኔ፣ በሐኪም ቀጠሮዬ፣ የድሮውን ጠባሳዬን በአልትራሳውንድ አይታ ስትጨርስ።

ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ ተኝቼ ስለነበር መጀመሪያ ያቀፏቸው ሌሎች ናቸው።

«አምጬ መውለድ» አልኳት። ምጥ የሚመኝ ሰው አይታችሁ የማታውቁ፣ ይኸው እኔ አለሁላችሁ።

«ምጡ በራሱ ከመጣ እንሞክራለን። የሚያሰጋ ነገር ካየን ግን ወዲያው ኦፕራሲዮን ነው» አለችኝ። ተስማማሁ።

ባለቤቴ ከድር ግን አልተዋጠለትም። በትራም ስንመለስ፣ ሰፈራችን ኖርድኤንድ ልንደርስ ስንል «ያኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ የሆንኩትን አንቺ አላየሽም። እንዳላጣሽ ነው የምፈራው» አለኝ።

እጁን ወስጄ ሆዴ ላይ አኖርኩት። ልጁ ተገላበጠ።

«እሺ፣ አብሬሽ እገባለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

መውረጃችንን አልፈን ሄድን። እኔ በመስኮቱ እያየሁ፣ የልጁ እርጥብ ገላ ደረቴ ላይ ሲያርፍ፣ የመጀመሪያ ለቅሶውን በጆሮዬ ስሰማው ይታየኝ ነበር።

ከኦፕራሲዮን በኋላ አምጣችሁ የወለዳችሁ እህቶች፣ ሞክራችሁ ያልሆነላችሁም፣ እንዴት ነበር? ሁለቱንም መስማት እፈልጋለሁ። ዱዓችሁም አይለየኝ።