ሦስት ሎሚ ይዤ ወደ ግራንድ ሪቨር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዌስተርቪል

ልጄ ብሩክ መኪናውን አሙቆ እየጠበቀኝ ነው። ሰማዩ ገና ጥቁር ነው፤ የሚታየው የጎረቤቶቻችን የገና መብራት ብቻ ነው። ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብና የምራቴን የበረዶ ጫማ አድርጌያለሁ። በእጄ ኩለር፣ ዓሣ በበረዶ የሚያዝበትን ሳጥን፣ ይዣለሁ። ውስጡ ሦስት ሎሚ፣ በትንሽ ጠርሙስ ሚጥሚጣና አንድ ከረጢት በረዶ አለ። የገና ጾም ነው። እኛ ቤት በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል፤ የማይበሉም አሉ፣ አልከራከርም። ስለዚህ ዓሣ ለማምጣት አብሬህ ልሂድ ስለው ብሩክ ብዙ አልጠየቀኝም።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ብሩክ ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ዓሣ ላጠምድ ነው የምሄደው ይላል፤ አንድም ቀን ዓሣ ይዞ አልገባም። እዚያ ሲሆን ስልኩም አይሠራም። ሐሙስ ዕለት ልብስ ስናጣጥፍ ምራቴ ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ሌላ ሴት አለችው» አለችኝ። ነገሩ እስከ ገና ካልለየለት ልጆቹን ይዛ ሚኒሶታ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ሄጄ እንድመለከትላት፣ ለሱም ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ። መማል አልወድም። ማልኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሃይዌይ 71

መንገዱ ወደ ሰሜን ቀጥ ያለ ነው። የጭነት መኪና፣ የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ ጎተራ፣ እንደገና የጭነት መኪና። ማንስፊልድን እንዳለፍን በረዶ መጣል ጀመረ። ብሩክ የሚያወራው ስለ ውሃ ነው። ዝናቡ ወንዙን አደፍርሶት ነበር፣ ዛሬ ግን ይጠራል ይላል። ስቲልሄድ የሚባለው ይህ ዓሣ የሙቀቱን ወራት በኤሪ ሐይቅ አሳልፎ፣ ሲበርድ ወደ ወንዞቹ እንደሚወጣ ነገረኝ። ሰው ሁሉ ብርድ ሲሸሽ ዓሣው ወደ ብርድ የሚመጣበት ምክንያት አልገባኝም።

ክሊቭላንድን አልፈን አንድ ነዳጅ ማደያ ቆምን። ሻጯ ፀጉሯን ሐምራዊ የቀባች ወጣት ናት። ገና በሩን ስንከፍት በስሙ ጠራችው፤ ፊቷ በርቷል። ከፍሪጅ ውስጥ በቀጭን መረብ የተቋጠሩ ቀይ የዓሣ ዕንቁላሎች አወጣችለት። ለመንጠቆው ምግብ ናቸው። ከዚያ ስለ ባለፈው ሳምንት ትልቅ ዓሣ ጠየቀችው። እንግሊዝኛዬ ለዚህ አያንስም። ብሩክ ወደኔ አየና ቶሎ ከፍሎ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ባዶ እጁን ነው የገባው። የትኛው ትልቅ ዓሣ? ልጅቷ እስክንርቅ ድረስ እጇን አውለበለበች። እኔም ዞሬ አየኋት።

ሦስት ሰዓት፣ ስሟን የማላውቃት ጅረት

ጅረቷ ከቤታችን የመኪና መግቢያ አትሰፋም። ብሩክ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪውን ለበሰና ጎንበስ ብሎ መራመድ ጀመረ። ውሃው ስስ ስለሆነ ዓሣው ኮቴ ይሰማል አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በየጥቂት ደቂቃው በማጥመጃ ዘንጉ ላይ ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች የተጋገረውን በረዶ በጣቱ ይሰብራል። እንዲህ ያለ ብርድ ውስጥ ሴት ለማግኘት የሚመጣ ሰው መኖሩን ተጠራጠርኩ። ሐምራዊ ፀጉር ያላት ልጅ ደግሞ ትዝ አለችኝ።

አንድ የዛፍ ሥር አጠገብ ክሩ ተወጠረ። ዘንጉ ጎበጠ። ብሩክ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየና ክንድ የሚያህል ዓሣ ወደ ዳር አመጣ። ጀርባው ግራጫ ነው፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አለው። የኩለሩን ክዳን ከፍቼ ጠበቅሁ። ብሩክ ጀርባውን ሰጥቶኝ አጎነበሰ፤ ሲነሳ እጁ ባዶ ነበር።

«አመለጠህ?» አልኩት።

«አዎ እማዬ።»

አይዞህ አልኩትና ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

ስድስት ሰዓት፣ ግራንድ ሪቨር

ይህኛው እውነተኛ ወንዝ ነው። የበረዶ ቁርጥራጭ ይዞ ይወርዳል። በላዩ ጣሪያና ግድግዳ ያለው የእንጨት ድልድይ አለ። ለድልድይ ለምን ቤት እንደተሠራለት ጠየቅሁ፤ ብሩክም አያውቅም። ወንዶች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በተራራቀ ሰልፍ ቆመዋል። ማንም ከማንም ጋር አያወራም።

ዳር ላይ አንድ ነጭ ሽማግሌ ተጣጣፊ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሾርባ ሊሰጠኝ ከፔርሙስ ቀዳ። ዶሮ ስለሆነ ጾም ነኝ አልኩት። ኩለሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ ከፍቼ አሳየሁት። ሎሚዎቹን አየ፣ ብሩክን አየ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ።

«ከሱ ጋር ከሆነ የመጡት» አለኝ፣ «ሎሚው ይተርፍዎታል።»

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ የብሩክ ዘንግ እንደገና ጎበጠ። አሁን ተነስቼ እስከ ውሃው ጫፍ ወረድኩ። ዓሣውን ጭራው ላይ ይዞ፣ ጭንቅላቱን ወደ ወራጁ ውሃ አዙሮ ቀስ ብሎ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሰዋል። ሲያየኝ ትንሽ ደነገጠ። ከዚያ፣ «ነይ፣ ያዢው» አለኝ። ጓንቴን አወለቅሁ። ውሃው እጄን እንደ እሳት ለበለበው። ዓሣው መዳፌ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ በኃይል ተወራጨና ሄደ።

«የጠዋቱንስ?» አልኩት።

«እሱንም ለቅቄው ነው።»

«እስከ ዛሬ የያዝካቸውንስ?»

«ሁሉንም።»

ለምን እንደሚለቃቸው ጠየቅሁት። «እንጃ እማዬ። ሲሄዱ ማየት ደስ ይለኛል።»

ለሰናይት «አልያዝኩም» የሚላት ለምን እንደሆነም ነገረኝ። መጀመሪያ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ አብረውት ለሚሠሩት የአገር ልጆች አውርቶላቸው «ዓሣ ሸኚው» የሚል ስም አውጥተውለታል። በየምሳ ሰዓቱ በዚህ ሳምንት ማንን ሸኘህ ይሉታል። ይህን ሁሉ ነድቶ፣ በጾም ቀን፣ የያዘውን ምግብ ይለቃል ብላ ሰናይት እንደ እብድ ከምታየው፣ ማጥመድ አይችልም ብትለው ይሻለዋል። «አትንገሪያት» አለኝ።

በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው አትንገሪ አለኝ። ወንበሩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ሾርባውን ይጠጣል።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ከክሊቭላንድ በታች

ብሩክ ከሃይዌዩ ወጥቶ አንድ ትልቅ መደብር በር ላይ ፓርክ አደረገ። ባዶ ኩለር ይዘሽ ከምትገቢ ሁለት ዓሣ ልግዛልሽና ያዝን እንበል አለ። ቀበቶውን ሲፈታ እጅጌውን ያዝኩት።

«ሚስትህ ሌላ ሴት ይዟል ብላለች» አልኩት። መሐላዬ እዚህ ላይ ፈረሰ፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ።

«እኔ?» አለ። «ማንን?»

«እኔ እንኳ ጠዋት ያቺን ባለ ሐምራዊ ፀጉሯን ጠርጥሬ ነበር።»

ሳቀ። ልጆቹን ይዛ ሚኒሶታ ልትሄድ እንደሆነ ስነግረው ሳቁን ተወ። በረዶው የፊት መስታወቱን እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ተቀመጥን። ወደ መደብሩ አልገባም። መስታወቱን ጠርጎ ወደ ቤት ነዳ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ሰናይት ሰላም ሳትለኝ ኩለሩን ተቀብላኝ ከፈተችው። በረዶው ቀልጦ ሦስቱ ሎሚዎች ተንሳፍፈዋል። ቀና ብላ ያየችው እኔን ነው። መናገር የኔ ተራ አልነበረም።

ብሩክ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆመ። «ዛሬ ሁለት ይዤ ነበር» አላት። «ሁልጊዜም እይዛለሁ። እለቃቸዋለሁ።»

«ምኖቹን?»

«ዓሣዎቹን። አልያዝኩም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ሰናይት እንደገና ወደኔ ዞረች። አንዱን በእጄ እንደያዝኩት ነገርኳት። እጄን አንስታ አሸተተች። ለማሽተት ከሚበቃው ጊዜ በላይ ይዛው ቆየች።

«ሦስት ሰዓት ነድተህ?» አለችው በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ለመልቀቅ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ብሩክ እኔን አየኝ። እኔም አላውቅም፤ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስም አልገባኝም። ሰናይት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ አበሰች።

«ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ» አለች። «አንዱን ለኔ ታወጣለህ። የቀሩትን እንደፈለግህ።»

ሎሚዎቹን አድርቄ ፍሪጅ ውስጥ መለስኳቸው። አንደኛው ትንሽ ለስልሷል፤ እስከ ቅዳሜ ግን ይቆያል።