ክሬሙ ወንበር ዳማ ሲሆን

አባቴ መኪናዋን የሰጠኝ አሶሳ መመደቤን በነገርኩት ሳምንት ነው። ጅማ ውስጥ ለአንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ ብዙ ዓመት በሾፌርነት ሠርቷል። ነጋዴው አብዮቱ ሲመጣ አገር ጥሎ ሲሄድ ለሾፌሩ የተወለት ይህችን ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ የጣሊያን ስሪት የስፖርት መኪና ነበር። ከውጭ ጥቁር አረንጓዴ ናት። ውስጧ ግን ከወንበሩ እስከ በሮቹ ልባስ ድረስ ክሬም ቀለም ያለው ቆዳ ነው። አባቴ በደርግ ዘመን ሁሉ በሸራ ሸፍኖ ጓሮ አቆማት። እሁድ እሁድ ሸራውን ይገልጣል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ወንበሮቹን በእርጥብ ጨርቅ ይጠራርጋል፣ ከዚያ መልሶ ይሸፍናታል። እኛ ልጆቹ ውስጧ የተቀመጥነው ከስንት አንዴ ነው፤ ያውም ጫማችንን አውልቀን።

"አሶሳ ሩቅ ነው ይላሉ" አለኝ መኪናዋን ሲያስረክበኝ። "ሚስትህን በእግሯ አታንከራትታት።"

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ እሷ ሆስፒታል፣ እኔ ውኃ ቢሮ ተመድበን አብረን ወረድን። ክልሉ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ቢሯችን ከሌላ ቢሮ ጋር አንድ ክፍል ይጋራ ስለነበር ወንበር የሚያገኘው ጠዋት ቀድሞ የገባ ነው። አንዱ ባልደረባዬ ከጎጃም፣ ሌላው ከወለጋ፣ ሦስተኛው እዚያው ከባምባሲ የመጣ ነው፤ ስብሰባ ላይ አማርኛችን በየአገራችን ዜማ ይዘምር ነበር። መኪናዋ ከነቀምት ወዲህ ያለውን መንገድ ስላልቻለችው በጭነት መኪና ጀርባ አስጭነን አስገባናት። ከተከራየንበት ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ስናወርዳት የአከራያችን ጎረቤቶች ተሰብስበው ከበቧት። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየና "ይሄ ቁጭ ብሎ ነው እንዴ የሚሄደው?" አለ።

በክረምት ከማንጎው ሥር ንቅንቅ አትልም። በበጋ ግን ባለቤቴን ሆስፒታል ታደርሳለች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መንገዱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከከተማ ወጣ ብለን እንመለሳለን። የአሶሳ ቀይ አፈር የማይገባበት የለም። እኔም እንደ አባቴ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ያንን ክሬም ወንበር ስፈትግ እውል ጀመር። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሆሞሻ መንገድ ስንሄድ ከፊት ለፊታችን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አየን።

"አቁም" አለችኝ ባለቤቴ፣ ገና ከሩቅ።

ሰዎቹ ቃሬዛውን መንገድ ዳር አወረዱት። ላዩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት በጎኗ ተኝታ ጥርሷን ነክሳለች። ረጅም ቀጭን ወጣት ላቡ እየተንጠባጠበ ወደ መስኮቱ መጣ።

"ሚስቴ ነው" አለን። "ከትናንት ጀምሮ ነው። ልጁ እንቢ አለ።"

የቤርታ ሰው ነው፤ አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ ለሴትም ለወንድም "ነው" ይላል። ባለቤቴ ወርዳ ሴትየዋ አጠገብ ተንበረከከች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ የሆነ ነገር በጆሮዋ አለቻትና ቀና ብላ አየችኝ።

"ሆስፒታል መድረስ አለባት። የፊቱን ወንበር ወደፊት ግፋው።"

የስፖርት መኪና የኋላ ወንበር ሰው ይቀመጥበታል ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሴትየዋን አጣጥፈን አስተኛናት፣ ባለቤቴ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተንበረከከች፣ ባልየው ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ ዞሮ የሚስቱን እጅ ያዘ። ከተማዋ ሩቅ አልነበረችም፤ ግን መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች እያንዳንዱን ድንጋይ እየዞርኩ ማለፍ ነበረብኝ። ሴትየዋ አንዳች ድምፅ አታሰማም። በየመሐሉ ባልየው ብቻ "ያ ረብ፣ ያ ረብ" ይላል።

"ቁም!" አለች ባለቤቴ። "ቁም አልኩህ፣ መጣ!"

ከመንገዱ ወጥቼ አቆምኩና ወርጄ ጀርባዬን ሰጠሁ። ደረቁን ሣር እያየሁ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። የማስታውሰው የሕፃኑን ለቅሶ ነው፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ከዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ የወጣ ለቅሶ። ልስቅ ስል የባለቤቴን ፊት አየሁ።

"ደሙ አልቆመም" አለችኝ ቀስ ብላ፣ ባልየው እንዳይሰማ። "ግባና ንዳ። ድንጋዩን ተወው፣ ዝም ብለህ ንዳ።"

ነዳሁ። ሥሯ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ፣ ሲፋቅ ይሰማኛል። ከተማዋ መግቢያ ላይ ማርሚታው፣ ድምፅ የሚያፍነው የጭስ ቱቦ፣ ተገንጥሎ ወደቀና መኪናዋ እንደ አንበሳ እያገሳች ገበያውን አቋርጠን ሆስፒታል ገባን። ባለቤቴ ደሙን ለማቆም በቡጢዋ የሴትየዋን ሆድ እንደተጫነች ነው የደረሰችው፤ ከሆስፒታሉ ቃሬዛ ጋር እንደዚያው ሆና ሮጠች። ሕፃኗን ደጅ ላይ ይዤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ በባለቤቴ ነጠላ ተጠቅልላ። ሴት ልጅ ነበረች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባለቤቴ ወደ ደጅ ወጣች። እጇን ታጥባ ነበር፤ ቀሚሷ ግን እንዳለ ነው። "ተርፋለች" አለችኝና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባልየው ለቅሶዋን ሲያይ ሚስቱ የሞተች መስሎት መሬት ላይ ተቀመጠ። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ "ደህና ናት፣ ደህና ናት" እያልኩ ደጋግሜ ነገርኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለና ግንባሩን አፈሩ ላይ አደረገ።

ወንበሩን ያየሁት በማግስቱ ነው። ክሬሙ ቆዳ ከኋላ ሙሉ በሙሉ፣ ከፊትም እስከ በሩ ልባስ ድረስ ጠቁሯል። በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በላምባ ሞከርኩ። ደሙ ወደ ቡናማ ተለወጠ እንጂ አልወጣም፤ ሳሙናውና ላምባው ደግሞ የቀረውን ቆዳ ቢጫ አደረጉት።

"ሁለት ሰው ከነነፍሱ ወርዷል ከዚህ ወንበር ላይ" አለች ባለቤቴ። "ቢቆይስ ምን አለበት?"

እውነቷን ነው። ግን አባቴ ለፋሲካ ሊጠይቀን እንደሚመጣ ከጅማ በመጣ ሰው ልኮብን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሸራውን ሲገልጥና ሲሸፍን እያየሁ ነው ያደግሁት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ባልየው አጎቱን አስከትሎ ቤታችን መጣ፤ ማርና ሁለት ዶሮ ይዘው። ቁጭ ብለን ስንጫወት ዓይኑ በተከፈተው የመኪናዋ በር በኩል ገባ። ተነሥቶ ሄዶ አየ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

"ይሄ ደም የእኛ ነው" አለ። "እንዲህ ትቶ መሄድ ወላሂ ነውር ነው።"

እንዳይጨነቅ ብንለምነውም አልሰማንም። አጎቱ ገበያ ውስጥ ጫማ ይሰፋል፤ ሱዳኖች የሚያደርጉትን ዓይነት ባለ ሹል አፍ የቆዳ ጫማ። ቀለሙም ከሱዳን በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ይመጣለታል። አጎትየው ሄዶ ወንበሩን በመዳፉ ዳሰሰው፣ አሸተተው።

"ይሄ አይወጣም" አለ። "ሁሉንም እንቀባዋለን። መኪና ግን ቀብቼ አላውቅም፤ ከተበላሸ አትቆጡኝ።"

በብዛት የነበረው ቀለም አንድ ብቻ ነው፤ ለጫማዎቹ የሚቀባው፣ በቀይና በቡናማ መካከል ያለ ዳማ። ክሬሙን የመረጠው ነጋዴው፣ የጠበቀው አባቴ፣ አሁን የምቀይረው እኔ መሆኔ ከበደኝ። ባለቤቴን አየኋት። "ቆንጆ ቀለም ነው" አለች። በቃ፣ እሺ አልኩ።

ወንበሮቹን ፈታተን ማንጎው ሥር ሰሌን ላይ አወጣናቸው። ሰውየው ቀለሙን በጨርቅ እየነከረ ቀባ፣ በፀሐይ አደረቀ፣ ደገመ። ሲገጠሙ ሁላችንም ተደሰትን። እሁድ ባለቤቴ ነጭ የአገር ልብሷን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን አደረስኳት። ስትወርድ ጀርባዋን አየሁ፤ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ዳማ ሆናለች። በሩ ላይ የቆሙ ሴቶች "ኧረ እናንተ!" እያሉ ነጠላቸውን አውልቀው ከበቧት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ፤ እሷ ግን ከሁሉም ይልቅ ትስቅ ነበር።

ጫማ ሰፊው ተጠርቶ ሲመጣ በጥፍሩ ጫር አደረገውና ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ራሱን ያዘ።

"ፋብሪካው ከላይ ሌላ ነገር ቀብቶታል" አለ። "ቀለሜ ቆዳውን አላገኘውም። አሳፈርኳችሁ።"

"እንደገና እንሞክር" አለች ባለቤቴ።

እንደገና ጀመርን። በዚህኛው እሱ ብቻውን አልሠራም፤ የሕፃኗ አባትም እኔም ከጎኑ ተቀምጠን የፋብሪካውን ቅብ በቤንዚንና በብርጭቆ ወረቀት ስንፈገፍግ ሰነበትን። ባልየው ስለ እርሻው ያወራኛል፤ ማሽላውን ከዝንጀሮ መጠበቅ እንዴት እንዳስቸገረው። እኔ ስለ ጅማ እነግረዋለሁ። የቆዳው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቅ ሲሉ ጫማ ሰፊው "አሁን ተገኘ" አለ። ቀለሙን በስሱ ደጋግሞ ቀባና በመጨረሻ ሰም በሰሊጥ ዘይት አቅልጦ በመዳፉ አሸው። ሲደርቅ ባለቤቴ ነጭ መሐረብ አውጥታ ጥርግ አደረገችበት። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ሰውየው ያንን መሐረብ ተቀብሎ ሁለቱንም ፊት አገላብጦ አየ፤ እንደ ልጅ ሳቀ።

አባቴ በፋሲካ ዋዜማ ከአውቶቡስ ወረደ፤ አቧራ ለብሶ፣ ከርቀት ፈገግ እያለ። ልወስደው መኪናዋን ይዤ ሄጄ ነበር። በሩን ከፈትኩለት። እግሩን ሊያስገባ ሲል ቆመ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ገባ፤ ከሾፌሩ ወንበር ላይ። መሪውን ያዘ። ወንበሩን በእጁ ዳበሰ፣ የበሩን ልባስ ዳበሰ። እኔ መኪናዋን ዞሬ ከጎኑ ተቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። አውቶቡሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ አልተንቀሳቀስንም።

"የት ላይ ነበር?" አለኝ ስጨርስ።

"ከኋላ።"

ዞሮ አየ። "እናትህ ታናሽህን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት" አለ፣ "ሆስፒታል የወሰድኳት በጋሪ ነው። ይህች ጓሮ ቆማ። ወንበሩ እንዳይበላሽ ብዬ።"

ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር።

"ምንም አላለችኝም" አለ። "አንድም ቀን አላነሣችብኝም።" ከዚያ ወንበሩን ቸብ ቸብ አደረገው፣ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው። "እንኳን ተበላሸ ልጄ። እንኳን።"

ሞተሩን አስነሥቶ ራሱ ነዳ። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ልትስመው ስትመጣ እጇን ያዘና ሳመው፤ አማት ለምራቱ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ደንግጣ "አባባ፣ ኧረ በማርያም!" አለች።

ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ሕፃኗን ማየት አለብኝ አለ። ሄድን። እናትየዋ ከቤቷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር፣ ደህና፣ ፊቷ ሞልቶ። ልጅቷን አባቴ እቅፍ ላይ አስቀመጠችለት። እሱ በኦሮምኛ ይመርቃል፣ እነሱ በቤርታ "አሚን" ይላሉ፤ ማንም ያልገባው አልነበረም። ስንመለስ ክትባት ስለነበር እናትና ልጅን ከባልየው ጋር ይዘን ወደ ከተማ ተነሣን። አባቴ ከኋላ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ተቀመጠ። ሴትየዋ ወንበሩን ዳሰሰችና ባሏን አንድ ነገር ጠየቀችው።

"'ሌላ መኪና ገዛችሁ ወይ' ይላል" አለ ባልየው።

አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሊሄድ ያሰበው በሳምንቱ ነበር፤ ግን ቀረ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴን ከከተማ ውጭ ወዳለው ሜዳ ይዟት እየወጣ መንዳት አስተማራት። ፍሬኗን ስትረግጥ እየጮኸ፣ ማርሽ ስታስገባ እያሞገሰ፣ እኔን ባስተማረበት ጊዜ ያላየሁትን ትዕግሥት እያሳየ። ዝናቡ ሊጀምር ሲል በአውቶቡስ ተመለሰ። እሷ ከዚያ በኋላ በየበጋው ስንት ምጥ የያዛት እናት በዚያች መኪና እንዳመጣች አልቆጠርንም፤ የቆሸሸውን ራሷ ታብሳለች፣ የሳሳውን ጫማ ሰፊው እየመጣ ይቀባል። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ያ የተገነጠለ፣ እንደገና ቢበየድም ያልዳነ ማርሚታ ገበያውን አቋርጦ ሲያገሳ እሰማለሁ። ያኔ ሥራዬን አቁሜ በልቤ አመሰግናለሁ፤ አባቴን፣ እሷን፣ እነዚያን ቃሬዛ ተሸካሚዎች። ድምፁ ሆስፒታሉ በር ላይ ጸጥ ሲል ብዕሬን አነሣለሁ።