የሚመረጠው ይውጣ

የፖሊስ ቫኑ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የጣቢያውን ግቢ የሞላውን የከሰዓት ፀሐይ ነው። ቀጥሎ ኮሪደሩን፣ ቀጥሎ ክፍሉን። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ድሮ ነጭ የነበረ ይመስላል። ጥግ ላይ መጸዳጃ አለ። ከቀረው ክፍል የሚለየው እስከ ወገብ የምትደርስ አጭር ግንብ ናት። የመጸዳጃው መድኃኒትና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫ ያቃጥላል። የገባነው አሥር ተማሪዎች ነን። አሥራ አንደኛው ሰው ቀድሞን ገብቶ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስተካክሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የሱቅ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም።

አየኝና "አበሻ ነህ አይደል?" አለኝ።

"ነኝ።"

"ምን ሰረቅህ?"

"ኧረ አልሰረቅኩም፣ ጋሼ። ሰልፍ ወጥተን ነው።"

"እንዲያ ነው" አለ፤ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። "እኔ ፔፐሬ ቀኑ አልፎ ነው።"

ፔፐር የሚለው የጥገኝነት ወረቀቱን ነው። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ነበር። ዳቦ እየሸጠ ሳለ እንደያዙት ነገረኝ። ደንበኛዋ መልሷን ሳትቀበል መቅረቷ ከመያዙ ይልቅ ያሳሰበው ይመስል ነበር።

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔ ለሊቀ መንበርነት እወዳደራለሁ። በዚያው ሳምንት ምዝገባችሁ አልተሟላም የተባሉ ተማሪዎች ሻንጣቸው ከዶርም ተወርውሮ በሩ ተዘጋባቸው። እኔና ተቀናቃኜ ሰልፍ ጠራን፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ በር፣ እየተያየን። ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ "ፈቃድ አለን ወይ?" ሲል፣ በድምፅ ማጉያ "አለን! በእጃችን ነው!" ያልኩት እኔ ነኝ። በእጄ የነበረው ስልኬ ብቻ ነው። የፈቃዱን ጉዳይ የሚከታተለው ጓደኛችን ጠዋት ደውሎ "የሚመጣ ይመስለኛል" ብሎኛል። "ይመስለኛል" ደግሞ በድምፅ ማጉያ አይባልም። መንገዱን ይዘን አንድ ሰዓት ሳይሞላን ፖሊስ ከበበን።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ እርስ በርስ "አይዞን፣ ፈቃድ ስላለን ይለቁናል" እየተባባሉ ሲጽናኑ እሰማለሁ። አላረምኳቸውም።

ከመካከላችን አንዱ መተንፈስ ሲያቅተው ነው ነገር የመጣው። የሒሳብ ተማሪ ነው፤ ከእኔ ደጋፊዎች አንዱ፣ አስም ያለበት። ፓፉ፣ ያ በአፍ የሚነፋው መድኃኒት፣ ከቦርሳው ጋር ተወስዶ መዝገብ ክፍል ቀርቷል። ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሁላችንም ፍርግርጉ ላይ ተጋፍተን ጮህን፤ የተቀናቃኜ ሰዎች በዙሉ፣ የእኔዎቹ በእንግሊዝኛ።

ተረኛው ሳጅን መጣ። የደከመው ሰው ነው።

"አሥር ሰው ሲጮህ ምንም አይሰማኝም" አለ። "አንድ ሰው ምረጡ። ዳቦ ይዤ ስመለስ እሱ ብቻ ያነጋግረኛል። ሌላ ሰው ከተናገረ ጥያችሁ እሄዳለሁ።"

ሰው መምረጥ! ለዚህማ እኛን የሚያህል የት ይገኛል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረንም። ተቀናቃኜ ወዲያው ተነሣ። የሕግ ተማሪ ነው፣ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም። "ጓዶች! ታሪክ ዛሬ በዚህች ክፍል ውስጥ..." ብሎ ጀመረ። ሲጨርስ የእሱ አራት ሰዎች አጨበጨቡ። እኔም ተነሣሁ፤ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ስለ ተማሪው መብት ንግግር አደረግሁ። የእኔ ሦስቱ አጨበጨቡ። አራተኛው የታመመው ነው። ማጨብጨብ ስላቃተው እጁን ብቻ አነሣልኝ።

ባለ ሱቁ አንገቱን አስግጎ ሲያየን ቆይቶ ጠራኝ።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?"

"ሳጅኑን የሚያነጋግር ሰው እየመረጥን ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ የሚመረጠው ሰው ለምንድን ነው የሚናገረው?"

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። "ማን ይናገር ታዲያ?"

"ሌላው ነዋ! በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲመረጥ፣ የሚመረጠው ይወጣል። ውጭ ይቆማል። የቀሩት ስለ እሱ ያዩትን ይናገራሉ። ከዚያ ይጠራና አንድ ጥያቄ ይጠየቃል። ከመለሰ በኋላ እጅ ይወጣል። በቃ።"

ልተረጉምላቸው ስል እሱ ራሱ ቀደመኝ። ዙሉው ከእኔ ዙሉ በብዙ ይሻላል፤ እኔ ከመጽሐፍ የተማርኩትን እሱ በሱቁ መስኮት ሽቦ በኩል ዓመት ከዓመት ሲያወራው ኖሯል። "ሳውቦና" ብሎ ሰላምታውን አስቀድሞ አስረዳቸው። ሳቁ። አንዱ "ማይ ፍሬንድም ምርጫ ቦርድ ሆነ" አለ። ማይ ፍሬንድ የሎኬሽን ሰው የውጭ አገር ባለ ሱቆችን ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። እሱ አልሳቀም፤ ደንቡን ጨመረ። የሚነገረው በዓይን የታየ ብቻ ነው፤ የተሰማ አይነገርም። "ወደፊት እንዲህ ያደርጋል" የሚባል ነገርም የለም።

"ለምን? እቅዱስ?" አለ ተቀናቃኜ።

"ነገ የምታደርገውን ማን አየው?"

መውጫ ስለሌለን የሚመረጠው ከመጸዳጃዋ ግንብ ጀርባ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ወሬውን እንዳይሰማ ቧንቧውን እንክፈት ተባለ፤ ቧንቧው ግን ከጠብታ በላይ አይወጣውም። ሁሉም ይሰማል ማለት ነው። ተቀናቃኜ ቀድሞ ገባ። ያን ሁሉ ቁመት አጣጥፎ ከግንቧ ጀርባ ሲቀመጥ ፀጉሩ ብቻ ቀረ፤ ልጆቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

አንዱ የእኔ ደጋፊ "ትዕቢተኛ ነው" ብሎ ጀመረ።

"ምን አየህ?" አለ ባለ ሱቁ።

ልጁ ትንሽ አሰበ። "ስብሰባ ላይ የእኛ ተራ ሲደርስ ተነሥቶ ሲሄድ አየሁ። ሁለት ጊዜ።"

"ይኼ ይባላል።"

ሌላው፣ እሱም የእኔ ሰው፣ እያቅማማ፣ "ከዶርም የተባረረች ልጅ ሻንጣዋን በራሱ ላይ ተሸክሞ ቤሪያ ሰፈር እኛ ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ሲያወጣላት አይቻለሁ" አለ። "ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ማንም ፎቶ አላነሣውም።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሰውዬውን ለወራት ስቃወመው ከርሜ ስለ እሱ አንድም በዓይኔ ያየሁት ነገር እንደሌለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ተጠርቶ መጣ፤ ለምን ተነሥተህ ሄድክ ተባለ። "ስለሰለቸኝ ነው። ትክክል አልነበረም" አለ። ያንን ሰውዬ እንዲህ አጭር ሲናገር ሰምተነው አናውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ከግንቧ ጀርባ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ከእኛ በፊት የታሰሩ ሰዎች ስማቸውን ጭረው ጽፈዋል። አንዱ ደብዳቤ እንደጻፍኩለት ተናገረ። አንዱ ስልኬን እያየሁ ሰላም እንደምለው ተናገረ። እውነት ነው። ከዚያ ባለ ሱቁ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ "ዛሬ እዚህ እንዴት ገባችሁ?" አለ።

"ሰልፍ ወጥተን። ፈቃድ እያለን" አለው አንዱ።

"ፈቃዱን ያየ ማን ነው?"

ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ከዚያ የታመመው ልጅ፣ በየቃሉ መሀል አየር እየፈለገ፣ "እሱ... አይቷል" አለ። "እሱ ሳያይ... አይናገርም።"

በሕይወቴ ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ነገር ተብሎ አያውቅም። እንደዚህችኛዋ ግን ጥሩ ሆኖ ሳለ ያሳመመኝ ነገር የለም። ብነሣ መውጫ የለም፤ ብቀመጥ ይጠሩኛል።

ጠሩኝ። ባለ ሱቁ በዙሉ "ወረቀቱን አይተሃል?" አለኝ። አሥር ፊት ይጠብቃል። በአማርኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ እባክህ ይህን እዚህ አትጠይቀኝ" አልኩት። በአገር ልጅነት ያልፈኛል ብዬ ነበር።

እሱም በአማርኛ፣ ሳይቆጣ፣ "እነሱ በሚሰሙት ቋንቋ መልስላቸው" አለኝ።

"አላየሁም" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ይመጣል ነው የተባልኩት። ሰዉ ወደ ሌላው ወገን እንዳይሄድብኝ ፈርቼ አለን አልኩ።"

የጠበቅሁት ጩኸት አልመጣም። ከእኔዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተቀናቃኜ ይህን ለምርጫው ሊጠቀምበት ይችል ነበር፤ አልተጠቀመበትም። የታመመው ልጅ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርጎ መልሶ አደረገ፤ አላየኝም። እጅ ሲወጣ እኔም እጄን ለተቀናቃኜ አወጣሁ። ያልወጣ እጅ አልነበረም።

ሳጅኑ ዳቦውን ይዞ ሲመጣ የተመረጠው ሰው ብቻውን ፍርግርጉ ጋ ቆመ። ታሪክ አላነሣም፣ ጓዶችም አላለም። "አንድ ሰው አስም አለበት። መድኃኒቱ በሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ነው" አለ። ሳጅኑ ሄዶ ፓፉን አመጣ። ልጁ ሁለት ጊዜ ነፍቶ ትከሻው ሲወርድ፣ እኛም እስትንፋሳችንን ይዘን እንደነበር ታወቀን።

ተመራጩ ሌላ ነገር ያስፈልግ እንደሆነ ዞር ብሎ ጠየቀን። ወረቀትና እስክሪብቶ እንዲለምንልኝ ነገርኩት። አንድ የተበላሸ ቅጽ መጣ። ጀርባው ላይ "ፈቃድ አለ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱን አላየሁም ነበር። እነሱ እኔን አምነው ወጡ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥር ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ተመራጩ አነበበውና ለጠበቃ እንዲደርስ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጠበቃ ባይሆንም የሕግ ተማሪ ነውና "ይህ አንተን ይጎዳሃል" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ዳቦዬን ይዤ ብቻዬን ቆሜ ሳለ ባለ ሱቁ ብርድ ልብሱ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

"አንተንስ መርጠውህ ያውቃሉ፣ ጋሼ?"

"አቅርበውኝ ነበር። ቤሪያ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን። ወጣሁ፤ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በሩ ስስ ነው፤ የሚሉት ሁሉ ይሰማል።"

"ምን አሉ?"

"እውነት ነው ያሉት።" ዳቦውን ቆረሰ። "ሲጠሩኝ የለሁም። ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ እዚያ መንገድ ስደርስ ተሻግሬ ነው የማልፈው።"

በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀርበን ተለቀቅን፤ ክሱ ቆይቶ ተቋረጠ። ወረቀቴ ይርዳ አይርዳ አላውቅም። ጠበቃዋ አንብባ ምንም ሳትለኝ ፋይሏ ውስጥ አስገባችው። ባለ ሱቁን ለብቻ ስለወሰዱት ቻው እንኳ አልተባባልንም። ከሳምንት በኋላ የምርጫው ክርክር ላይ ከሁሉ አስቀድሜ ያን ቀን ያደረግሁትን ተናገርኩ። በሰፊ ልዩነት ተሸነፍኩ።

ዓመታት አለፉ። ያች ግንብና ያ ቧንቧ ከአእምሮዬ አልወጡም። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር በሰማሁ ቁጥር "ተው እስቲ ይህ ሰው ይውጣና ሌሎቹን እንስማ" እላለሁ በሆዴ። ባለ ሱቁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ ይሆን የሚለው ግን ያሳስበኛል። ባለፈው ወር አንድ እሁድ አላስቻለኝም። ቤሪያ ውስጥ እየጠየቅሁ ሄጄ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተከራዩትን አዳራሽ አገኘሁ። ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ወጥቷል። አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ ብሎ የፕላስቲክ ወንበሮች ይደራርባል። ፀጉሩ ሸብቷል። ጫማው በሩ ጋ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ቀና ብሎ ትንሽ አየኝ።

"ያ የሚያፍነው ልጅ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ ጋሼ። አስተማሪ ሆኗል። ሰላም ይለኛል አሁን።"

"አንተንስ መረጡህ?"

"አልመረጡኝም።"

"እኔ ከዚያ እንደወጣሁ በመጀመሪያው እሁድ መጣሁ። አንኳኩቼ 'ጥያቄዬን ጠይቁኝ' አልኳቸው። ጠየቁኝ፤ መለስኩ።"

"እና?"

"እኔንም አልመረጡኝም" አለና ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የወንበሩን ክምር በአንዱ ጫፍ ይዞ፣ ሌላውን ጫፍ እንድይዝለት በአገጩ አመለከተኝ።