ኮሌራ የተባሉት የኮልፌ ወይዘሮ

ኮልፌ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ መጥረጊያ ነው። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ ነበር። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የለቃቀምኳት ጣልያንኛ ስለነበረችኝ ከሰዓት በኋላውኑ ቁስል አጣቢና አስተርጓሚ አደረጉኝ። ለአበሻ ደረጃው እዚያው ላይ ያበቃል። ከበላዬ ጣሊያናዊቷ ነርስ፣ ከእሷ በላይ ሐኪሙ፤ እሱን «ዶቶሬ» ነበር የምንለው።

ዶቶሬው ቁጡ ነው። ጠዋት ጠዋት መርፌውና መቆንጠጫው እስኪቀቀል አቁሞ ያስለፈልፈኛል።

«ወባ!»

«ብርድ፣ ትኩሳት፣ ላብ። መድኃኒቱ ኪኒን።»

«ኮሌራ!»

«ማስመለስ፣ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ወደ ውስጥ የገባ ዓይን፣ የቀዘቀዘ እጅና እግር።»

አንዷን ከዘለልኩ ከወባ ያስጀምረኛል። ኧረ በስማም! እናንተ የዛሬ የጤና ተማሪዎች ለፈተና ስታጠኑ ራስ ምታት ያዘን ትላላችሁ፤ እኔ በእንቅልፌ ሁሉ ወባ፣ ተስቦ፣ ተቅማጥ እያልኩ እናቴን አስለቅሻለሁ።

በሽተኞቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ስል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አንተስ ደህና ነህ? እናትህ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። ይሄ እንዴት ይተረጎማል? ዶቶሬው «ደህና ከሆነ ምን ሊሠራ መጣ?» ብሎ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።

አንድ ቀን የሰፈሩን ቤቶች ስንጎበኝ አቶ ደበላ የሚባሉ ሸማኔ ቤት ገባን። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እጃቸው በረዶ ነው። ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ማደሩን ጎረቤት ነገረን። ዶቶሬው ተቅማጡን ልየው አለ። የለም! ነውር ነው ብለው ጓሮ ቀብረውታል።

«ምን በልተው ነው?» አልኳቸው።

«ምንም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ።

ወደ አቶ ደበላ ዞርኩ። «ምን ጠጥተው ነው?»

«ውሃ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ዶቶሬው እኔን አየኝ። «ምልክቶቹን ቁጠር!» ቆጠርኩ። ሁሉም ልክክ አሉ። «ኮሌራ» አለና አብሮን የሚዞረውን ወታደር ላምባ እንዲያመጣ ላከው። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ሰዎቹ ወደ በሽተኛ ማግለያ ድንኳን፣ ቤቱ ወደ እሳት። ሸማው፣ መሸመኛው፣ ሣር ክዳኑ፣ ሁሉም ሊነድ ነው።

ይሄኔ አቶ ደበላ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ጎተቱኝ። «ልጄ፣ ኮሶ ነው። ትናንት ኮሶ ጠጣች፤ በዝቶባት ነው።»

«ታዲያ ቅድም ስጠይቅዎ ምን ዘጋዎት?»

«እናንተው አይደላችሁ እንዴ ኮሶ የጠጣ ይታሰራል ያላችሁ!»

እውነታቸውን ነው። ዶቶሬው ለኮሶ ትል የራሱን እንክብል ስለሚሰጥ ኮሶ ከልክሎ ነበር። የከለከለው እሱ፣ ያስፈራራሁት እኔ በአማርኛ! ደሜ ፈላ። በማን እንደምናደድም ጠፋኝ።

ለዶቶሬው ነገርኩት። ትከሻውን ሰበቀ። «ኮሶ ከሆነ ነገ ትነሳለች። ካልተነሳች አቃጥላለሁ» ብሎ ወታደሩን በር ላይ አቆመው።

«ነገ ጠዋት ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁን» አልኳቸው ወይዘሮ አስካለን። «ቆመው! ገባዎት?»

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አሉ ሁለቱም።

በማግስቱ ስንመጣ ደጁ ላይ ማንም የለም። ገባን። ወይዘሮ አስካለ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው ተኝተዋል! ዶቶሬው ወደ ላምባው ዞረ።

«ምን ሆኑ?» አልኩ ባላቸውን።

አቶ ደበላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ኧረ ድናለች፤ ገንፎም በልታለች። ቶሎ ተነሳች ብሎ ሰው በዓይኑ እንዳይበላት ሸፈንኳት እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልጄ ቢያደርገው እገርፈዋለሁ። በባላቸው ፊት፣ በፈረንጅ ፊት፣ ጋቢውን ከላያቸው ገፈፍኩት። «ይነሱ! ቤትዎ ሊነድ ነው!»

«አንተ ባለጌ! እናት የለህም?» ብለው ብድግ አሉ። የገንፎውን ማማሰያ አንስተው እስከ አጥሩ ድረስ አባረሩኝ። ሁለቴም አገኙኝ። ዶቶሬው ሩጫቸውን ቆሞ ካየ በኋላ ወታደሩን ላምባውን ይዘህ ተመለስ አለው።

ቤቱ ተረፈ። አቶ ደበላ ግን ሚስቴን በሰው ፊት ገፈፈ ብለው ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ሰላም አላሉኝም።

ምልክቶቹን አጥኑ፤ ያስፈልጋሉ። ግን በሽተኛው ቤት ውስጥ ምን እንደወሰደ መጀመሪያ ጠይቁት፤ ሲነግራችሁም አትቆጡት። የተቆጣችሁት ሰው ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም።