ሦስተኛው ቁልፍ

ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ጸሐፊ እንደ አሸን ነው። ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠው ሁሉ ጸሐፊ ነኝ ባይ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን መንበሩን ከሌሎቹ የሚለየው እጁ ሳይሆን አፉ ነው። የሰው ጉድ በጆሮው ይገባል፣ በጣቱ ይወጣል፣ በአፉ ግን አያልፍም። ገበሬው ከሩቅ አገር መጥቶ «ያ ዝምተኛው የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

መንበሩ ላፕቶፑን ይዞ የሚሠራው ከመንገዱ ማዶ፣ ሪያድ ሻይ ቤት ጥግ ላይ ነው። ሪያድ የይጁቤ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሻይ ለጠጣ ሁሉ ዋይፋይ በነጻ ይለቃል፣ የይለፍ ቃሉንም ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ከመንበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ደግሞ የእንዳላማው ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። እንዳላማው የቤት ደላላ ነው። ሁለቱ ደብረ ወርቅ የቅኔ ተማሪ ሳሉ ከአንድ አኩፋዳ ቁራሽ ተካፍለው የበሉ፣ ውሻ ሲያባርራቸው አብረው የሮጡ ናቸው። ኋላ መንበሩ ሲያገባም ሚዜው እሱ ነበር። በጎጃም ሚዜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወንድም ቢጣላ ሚዜ ነው የሚያስታርቀው።

እማማ ደስታነሽ ከአማኑኤል ከተማ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ባላቸው ከሞተ ወዲህ የባላቸው ወንድም ድንበር እየገፋ፣ እየገፋ፣ ማሳቸውን ሊጨርሰው ነው። ያቺ መሬት ከሄደች ጎጆ ዘግቶ ልጅ ዘንድ መጠጋት ነው የሚቀራቸው፤ እሱን ደግሞ ሞት ይሻለኛል ይላሉ። መንበሩ ክሱን አረቀቀ፣ የምስክሮቹን ስም ጻፈ፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው እንድታየውም በሻይ ቤቱ ዋይፋይ በቴሌግራም ላከላት። ማመልከቻው ገና ፍርድ ቤት ሳይደርስ ከምስክሮቹ አንዱ «እኔ የማውቀው የለም» ብሎ አፈገፈገ። ባላጋራቸው ቀድሞ አግኝቶት ነበር።

እማማ ደስታነሽ መንበሩ ፊት ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ የምስክሮቹን ስም የነገርኩ ለአንተና ለእግዜር ነው። እግዜር ደግሞ አይናገርም።»

መንበሩ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ዕድሜውን ሙሉ አፉን ዘግቶ የሠራት ስሙ ነበረች፤ ሌላ ሀብት የለውም።

«ዋይፋዩ ነው» አለው እንዳላማው፣ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ። «ለዓለም ሁሉ በተከፈተ ነገር የሰው ምስጢር ይላካል? ማን ያውቃል፣ ይሄ ሪያድ ራሱ እያነበበው ይሆናል።»

መንበሩ አመነው። ሄዶም ሪያድን ሰው እየሰማ ጠየቀው። ሪያድ ፊቱ ቀላ፣ ግን አልተቆጣም።

«ጋሽ መንበሩ፣ የሰው ወረቀት አንብቤ አላውቅም። ግን የሕዝብ ዋይፋይ ላይ መጠንቀቅዎ ልክ ነው። ቤትዎ ኢንተርኔት አለ አይደል? ለምን የራስዎን ቪፒኤን አናቆምም?»

እሑድ ከሰዓት ሪያድ መንበሩ ቤት ሄደ። የመንበሩ ልጆች የተዉትን አሮጌ ኮምፒውተር ከራውተሩ ጋር አገናኘ፣ ፕሮግራም ጫነበት፣ ራውተሩ ላይም አንዲት መግቢያ በር ከፈተ። መብራት ካልሄደ በቀር ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ አስጠነቀቀ። ከዚያ ተቀምጦ አስረዳ፦

«ሻይ ቤት ሆነው የሚልኩት ሁሉ ተቆልፎ፣ ታሽጎ እዚህ ቤትዎ ይመጣል። ከዚህ ተፈትቶ ወደሚሄድበት ይሄዳል። መሀል ላይ የሚሰልል ቢኖር እሽጉን እንጂ ውስጡን አያይም። በቃ፣ ዋሻ ይበሉት።»

የቅኔ ተማሪ ዋሻ ሲሉት ዝም ይላል? «ዋሻው እንዳይዋሽ ብቻ!» አለ መንበሩ፣ በራሱ ቅኔ እየሳቀ።

ሪያድ ለላፕቶፑ አንድ፣ ለስልኩ አንድ ቁልፍ አወጣለት። «ይህ ቁልፍ ያለው ሰው የትም ይሁን የት፣ ቤትዎ እንደገባ ነው የሚቆጠረው። እዚህ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የማመልከቻ ፎልደርም ከፍቶ ያያል።»

«ሦስተኛ ጨምርልኝ።»

«ለማን?»

«ለእንዳላማው።»

ሪያድ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ጋሽ መንበሩ፣ ይህ ለሌላ ሰው ባይሰጥ ጥሩ ነው።»

መንበሩ ተቆጣ። ቤት ቆልፎ መንገድ የሚወጣ ሰው ቁልፉን የሚያምነው ሰው ጋ አደራ ይጥላል፤ ቁልፉን ብቻውን ታቅፎ የሚዞር ሰው ወይ ወዳጅ የለው፣ ወይ ሌባ ነው። የመንበሩ ቤት ትርፍ ቁልፍ እንዳላማው ወገብ ላይ መንጠልጠል ከጀመረ ልጆቹ አድገዋል። ደግሞስ እሱ ሻይ ቤት ተከልሎ ተቀምጦ፣ ሚዜው ከጎኑ ሜዳ ላይ ሊሰጣ ነው? ሪያድ ሦስተኛውን ቁልፍ አወጣ። እንዳላማው ስልክ ላይ ያስገባው መንበሩ በገዛ እጁ ነው።

ከዚያ በኋላ መንበሩ ደረቱን ነፍቶ መሥራት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ተቀምጦ የእማማ ደስታነሽን ክስ እንደ አዲስ ጻፈና ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጠው፤ ለልጃቸውም ሆነ ለማንም አልላከውም። ሰኞ ሊያትመው ሲል ለእማማ ደስታነሽ አነበበላቸው። የድንበሩ ዛፍ ጋ ሲደርስ ጮኹ።

«ኮሶ ነው እንጂ! ምን ዋንዛ አመጣህብኝ? እዚያ ዋንዛ በቅሎ ያውቃል?»

ስህተቱ የራሱ ነበር። ሳቀና ዋንዛውን ኮሶ አድርጎ አተመው፣ ክሱም ገባ።

የተከሳሹ መልስ ሲመጣ መንበሩ ሻይ ቤቱ ጥግ ላይ ሆኖ አነበበው። «ከሳሽ ድንበሩ ዋንዛው ነው ማለታቸው ፍጹም ሐሰት ነው» ይላል። መጀመሪያ ሳቀ። ምን ዓይነት ሰነፍ ጸሐፊ ነው፣ ክሱን እንኳ ሳያነብ የሚመልስ? ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ዋንዛ የሚለው ረቂቅ የነበረው ቤቱ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ሰዎቹ ክሱን ማንበብ ያላስፈለጋቸው ረቂቁን ቀድመው ስላነበቡት ነው። እዚያ ቤት በቁልፍ መግባት የሚችሉት ደግሞ እሱና አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

እንዳላማው እንደ ወትሮው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መንበሩ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋው፣ ጣቱን ዋንዛ ከሚለው ቃል ላይ አድርጎ።

እንዳላማው አነበበ። ወረቀቱን መልሶ ገፋው።

«ሰውዬው የእህቴ ባል አጎት ነው» አለ በመጨረሻ። «ቤቴ ድረስ እየመጡ ሲያስጨንቁኝ ምን ላድርግ? ምስክሮቹንም ያን ጊዜ ከጎንህ ሆኜ ነው ያየሁት። ደግሞ ሰብሬ አልገባሁም። ቁልፉን የሰጠኸኝ አንተ ነህ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ የወደቀ ነው የሚያውቀው።  መንበሩን ያቃጠለው መሰረቁ ብቻ አልነበረም። ዋይፋዩ ነው ብሎ ጠቁሞ፣ ንጹሑን ሰው በአደባባይ እንዲያሳፍር ያደረገውም ይኸው የአንድ አኩፋዳ ጓደኛው ነው። ከሻይ ማፍያው ወዲያ ሪያድ ጀርባውን ሰጥቶ ብርጭቆ ያጥባል፤ ሁሉንም ሰምቷል። መንበሩ ሦስተኛውን ቁልፍ በስልኩ ሰረዘው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። እንዳላማው የቤቱን ቁልፍ ከወገቡ ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

እማማ ደስታነሽ ሲመጡ መንበሩ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ዝምታ ሥራው ነው። ግን ነገራቸው። ወረቀትዎ የወጣው ከዋይፋይ አይደለም፣ ከቤቴ ነው አላቸው።

«ማን?»

«ሚዜዬ።»

እማማ ደስታነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቆይተው ወረቀታቸውን ከጠረጴዛው ሰበሰቡ።

«እኔስ የሄደብኝ መሬት ነው፤ ተሟግቼ አስመልሰዋለሁ» አሉ። «አንተ ማን ዘንድ ትከሳለህ፣ ልጄ?»

ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ሌላ ጸሐፊ ጃንጥላ ሥር ተቀመጡ።